የጎረቤቴ እፍኝ

ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ሽሮና በርበሬ የምሸጥባት አንዲት ባልትና ቤት አለችኝ። ግድግዳው ላይ የንግድ ፈቃዴ፣ ከሥሩ የዋጋ ዝርዝሬ ተለጥፏል። ሚዛኔም የዓመቱ ማኅተም አለው። ይህን ሁሉ ያሟላሁት እያጉረመረምኩ ነው። የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች በመጡ ቁጥር፣ «ነፃ ገበያ ነው እያላችሁ በሽሮዬ ዋጋ ምን አገባችሁ?» እያልኩ አፋጥጣቸው ነበር።

ከዚያ ከጎኔ ያለውን ክፍል ከማክሰኝት ከተማ የመጣች አንዲት ሽሮ ሻጭ ተከራየችው። የዋጋ ዝርዝር የላት፣ ማኅተም የላት። መዝና ስታበቃ እጇን ወደ ጆንያው ትሰድና አንድ እፍኝ ሽሮ ምርቃት ትጨምራለች። ወር ሳይሞላ ደንበኞቼ በሬን እያለፉ እሷ ደጅ ይሰለፉ ጀመር። አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት፤ እኔ ግን አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ሱቄን ልዘጋ ነው ብዬ ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ቅናቱ ባሰብኝ፤ በእጇ ትልቅነት ሳይቀር ቀናሁባት።

«ይህቺ ሴት ከየት አምጥታ ነው የምትመርቀው?» አልኩ። ሚዛኗ ቢሰርቅ ነው እንጂ! በእኛ ሰፈር ምርቃት የሚያበዛ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሚዛኑ ነው። ሳልውል ሳላድር ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጠቆምኩ። ያ «ምን አገባችሁ» ባይ አፌ፣ «መንግሥት ባለበት አገር እንዴት ዝም ትላላችሁ?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

በማግስቱ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። የብረት መመዘኛቸውን ሚዛኗ ላይ አስቀመጡ። ልክ ነበር፤ አንዲት ግራም አልጎደለም። ግን ማኅተም የለውም፣ ዋጋም አልለጠፈችም። አሟልታ እስክትመጣ ሱቋ ታሸገ። ሕጉ ልክ ነው፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ልክ ነው እላለሁ። እኔ ግን ለሕጉ ብዬ አልነበረም የሄድኩት።

እሽጉን ሳይ ደስ አለኝ፤ ምን ያስዋሸኛል። በሦስተኛው ቀን የጠፉት ደንበኞቼ ተመልሰው ደጄ ላይ ተሰለፉ። ፊት የቆሙትን ሽማግሌ፣ «ምነው አያ፣ ጠፍተው ከረሙ?» ብዬ በነገር ወጋ አደረግኋቸው።

«ጎረቤትሽ ናት የላከችን» አሉ ፌስታላቸውን እየዘረጉ። «‹ማኅተሙን እስካገኝ እሷ ዘንድ ሂዱ፤ ሸጋ ሽሮ አላት፣ ምርቃትም አትነፍጋችሁም› አለችን።»

ምርቃት ሰጥቼ አላውቅም። ሽሮውን መዝኜ ብጨርስም ሽማግሌው ፌስታላቸውን እንደዘረጉ ቆመዋል። እጄን ጆንያው ውስጥ ከተትኩና አንድ እፍኝ ጨመርኩላቸው። ያን ቀን የቀናሁባትን ያህል ቀንቼባት አላውቅም።