የአለቃው ዳክዬ

አባቴ ሰው እንዳይቀየመው ብሎ የዋሸውን ጾም አላህ ምን ብሎ ይዞለት ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝንጅብል በዘይት ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር ጄኔቭ፣ ኦኔ ሰፈራችን የነበረው የካንቶን ቻይናውያን ምግብ ቤት ፊቴ ይደቀናል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለራት የጋበዘን የአባቴ አለቃ ነበር። አባቴ ቋሚ ሠራተኛ የሚሆነው እሱ ከፈረመለት ብቻ ነው። አለቃው ሳይጠይቀን ዳክዬ አዘዘና የሚሽከረከረውን ገበታ ወደ እኛ አዞረው። እኛ ዘንድ ደግሞ ማን እንዳረደው ያልታወቀ ሥጋ አይበላም። አባቴን ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

"አባቴ ጾመኛ ነው በዪው" አለኝ በአማርኛ።

ፈረንሳይኛ ገና መልመዴ ነበር፤ እንዳለኝ ተረጎምኩ። ቀትር ላይ ግን አብረን ዳቦ በልተናል። አለቃው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ሩዜ ላይ አቀረቀርኩ።

"የኔ ጣጣ ነው፤ አንቺ ሩዝሽን ብዪ" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

አለቃው ሳህኑን መለሰ። በሳምንቱም ፈረመለት።

ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። አባቴ ካረፈ በኋላ ግን ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር፣ ቤቴ ለመጣችው እናቴ ነገርኳት።

"ለካ ለዚያ ነው በግብዣው ማግስት ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሠርቶ የገባው" አለች። "እኔ አሞት መስሎኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሾርባ ይዤ ስጠብቀው ነበር።"