ወንድሜ የሞላቸው ደወሎች

ቡራዩ ተከራይተን በምንኖርባት ቤት ከታላቅ ወንድሜ ጋር የሚያጣላን ነገር ቢኖር ደወል ነበር። እሱ ያለ ደወል አይነሳም፣ አይበላም፣ አይተኛም። ኢንተርኔት ላይ ማስታወሻ የሚያዝበት ነገር አግኝቶ የቤታችንን ጣጣ በሙሉ እዚያ ላይ አስፍሮታል፤ የውኃ ፈረቃ፣ የመብራት ካርድ፣ የእድር ስብሰባ፣ የሱ ሥራ፣ የኔ ሥራ። ብቻውን ቢሰቃይበት ምንም አልነበረም። የኔን ስልክ ከሱ ጋር ስላገናኘው ግን እሱ የሞላው ደወል ሁሉ እኔም ጋ ይጮኻል። «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ማስታወሻዎቹን የሚጽፋቸው ደግሞ እንደሚናገረው አድርጎ ነው። «አንቺ እንቅልፋም፣ ውኃ መጥቷል፣ ጀሪካን ደርድሪ።» «ሰኞ ነው፤ ቀድመሽ ካልተሰለፍሽ ታክሲ አታገኚም፣ ኋላ እኔን እንዳትቆጪኝ።» እያነበብኩ እስቃለሁ፣ እየሳቅኩም እናደዳለሁ። ስንቴ ስልኩን ትራስ ሥር ከትቼዋለሁ።

አንዱ ደወል ላይ ግን አሹፌ አላውቅም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጮኸው ነው፤ «አባባ፣ መድኃኒት» ይላል። አባታችን ከሱሉልታ ወጣ ብሎ እርሻቸው ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ደም ግፊት አለባቸው። እናታችን በሕይወት ሳለች ኪኒኑን ከእራት ጋር የምትሰጣቸው እሷ ነበረች። እሷ ካረፈች በኋላ መዋጡን እየረሱ፣ አንድ ቀን የገብሱ ማሳ ዳር ወድቀው ጎረቤት አነሳቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በየማታው እየደወለ ያስታውሳቸዋል።

አባባ ቤት በየወሩ የሚካኤል ማኅበርም አለ። የኢንተርኔቱ ማስታወሻ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ስለሆነ የኛን ዐሥራ ሁለት በራሱ አይደግምም። ስለዚህ ወንድሜ ቀኑን እያመሳከረ አንድ በአንድ በእጁ ይሞላዋል። የዚያን ዓመት የሞላው እስከ ኅዳር ድረስ ነበር። የቀረውን እሑድ እጨርሳለሁ ብሎ አሳደረው።

ጊዜው ክፉ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀረ ከተባለም በኋላ እሱ ያስነሳው ሁከት አልቀረም። ዛሬ ሰበታ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ነገ ቡራዩ ተኩስ ተሰማ፣ ከነገ ወዲያ ሱሉልታ መኪና ተቃጠለ ይባላል። እኔ ጠዋት አዲስ አበባ ወደሚገኘው ቢሮዬ ስወጣ ማታ በምን እንደምመለስ አላውቅም። ወንድሜ ሰበታ ጋራዥ ባለው የጉድጓድ ውኃ ቆፋሪ ድርጅት ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ብዙ ጊዜም ፊልድ ይወጣል።

በጥቅምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። የሰፈሩ ወጣት ሲታፈስ እሱም አብሮ ታፈሰ። የነገረችኝ ከደጃችን ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴት ናት። «ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው፣ ከነፎጣው የወሰዱት» አለችኝ። ሮጬ ብሄድ ፀጉር ቤቱ ተዘግቷል።

ያን ማታ የሱ ስልክ ጠፍቶ ሳለ ደወሉ በሰዓቱ የኔ ስልክ ላይ ጮኸ። «አባባ፣ መድኃኒት።» እንባዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አስተካክዬ ደወልኩ።

«አካም ኦልቴ፣ ልጄ?» ብለው እንዴት እንደዋልኩ ጠየቁኝ አባባ። «ምነው ዛሬ አንቺ ደወልሽ?»

«ፈያ፣ አባባ። እሱ ፊልድ ወጥቷል። ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም።»

«በዚህ ሁከት መሐል ፊልድ?»

«ምን ያድርግ፣ ታዞ ነው። መድኃኒትዎን ዋጡ?»

«ቆሪቻዬን እውጣለሁ፤ ጋላቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። ግፊት ላለበት ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ ፍለጋ ጀመርኩ። እዚህ የለም ይሉኛል፤ እዚያ እሄዳለሁ፤ እዚያም የለም ይሉኛል። ከስንት ምልልስ በኋላ አንድ ዘበኛ አዘነልኝና «ሥልጠና ተብሎ ወደ ሩቅ ተወስደዋል፤ አትልፊ፣ ሲያበቃ ይመለሳሉ» አለኝ። የምን ሥልጠና እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። በሕይወት መኖሩንም የነገረኝ የለም።

ማስታወሻዎቹ ግን መምጣታቸውን አላቋረጡም። ሰውዬው የለም፣ እሱ የጻፈው ቁጣ በየጠዋቱ ይቀሰቅሰኛል። «አንቺ እንቅልፋም» ሲለኝ ብድግ እላለሁ። ጀሪካን እደረድራለሁ፣ ካርድ እሞላለሁ፣ ታክሲ እሰለፋለሁ። ድሮ የምረግመውን ደወል ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጠብቀው ጀመር። ከሱ ጋር የሚያገናኘኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ደወሎቹም ጭጭ አሉ። ጸጥታው ከሁሉ የባሰ ሆነብኝ። ለአባባ ማታ ማታ ሰዓት እያየሁ እደውላለሁ። ቢሮ ያለው የገመድ ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ስለሚሠራ፣ አለቃዬ ዞር ሲሉ ማስታወሻውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ የሳምንቱን አነባለሁ። አንድ ቀን ወደፊት ሄጄ ሳይ የመጨረሻውን ሚካኤል አገኘሁት። «ኅዳር ሚካኤል ነው። ዳቦውን አንቺ ያዢ፤ እኔ ከሰበታ በቀጥታ እደርሳለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወሮች ባዶ ነበሩ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለማኅበሩ ሱሉልታ አልሄድኩም። አባባ ፊቴን ካዩ አበቃልኝ ብዬ፣ መንገዱ አያስኬድም አልኳቸው።

ወንድሜ በታኅሣሥ ተመለሰ። በር ተንኳኩቶ ስከፍት አንድ ራሱን የተላጨ፣ ልብሱ የሰፋው ሰው ቆሟል። አቅፌው ካለቀስኩ በኋላ የምናገረው ቢጠፋኝ «ፀጉርህንስ ደህና አድርገው አስተካከሉህ» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባጭሩ አይለቀኝም ነበር። እሱ ግን አልፎኝ ገባና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ኢንተርኔቱ በዚያው ሰሞን ተከፍቶ ነበር። በሁለተኛው ጠዋት የውኃው ደወል ሲጮኽ ወንድሜ ከፍራሹ ተስፈንጥሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እጆቹን ማጅራቱ ላይ አቆላልፎ ቆመ። ስጠራው አይሰማም። ትከሻውን ስይዘው ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቋል።

«ፊሽካ መስሎኝ ነው» አለኝ በመጨረሻ። ስለነበረበት ቦታ ከዚያ ሌላ የነገረኝ ነገር የለም።

አንድም ደወል ሳላሳልፍ ቤቱን እንደያዝኩለት ልነግረው እየጓጓሁ ነበር። ነገርኩት። ስልኬን ተቀበለኝና ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ። እንቅልፋሟን አጠፋት፣ ታክሲውን አጠፋው፣ አባባንም አጠፋቸው። «እሳቸውን እንኳ ተው» አልኩት። ወደሚቀጥለው አለፈ። ከስልኬ ይልቅ እሱን ነጥቄ ማስጣል ነበር የፈለግኩት፤ ግን ከማን እንደምነጥቀው አላውቅም።

መምጣቱን ለአባባ እንንገራቸው ስለው «ፀጉሬ ይብቀል» ይላል። ፀጉሩ መብቀል ጀመረ። አሁንም ከዚያች ግድግዳ አይርቅም።

አንድ ማታ እንደተለመደው በሁለት ሰዓት ወደ አባባ ደወልኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጧል። አባባን እንዲሰማቸው ብዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ።

«ፊልድ የሄዱት ልጆች ሁሉ ገቡ ይሉኛል» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «የኛስ?»

ያኔ ገባኝ። ሲያውቁ ኖረዋል። እኔ እንዳልጨነቅ ብለው ነው በየማታው ውሸቴን የተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አቃተኝ።

«ገብቷል፣ አባባ። እዚሁ ነው።»

ስልኩን ዘረጋሁለት። ወንድሜ ትክ ብሎ አየውና ተቀበለኝ። ጆሮው ላይ አደረገው። አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። አባባ እየጠሩት ትንሽ ጠበቁ። ትንፋሹ ሳይሰማቸው አልቀረም።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሉት። «ቆሪቻዬን ውጬያለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንድሜ ግን ከጆሮው አላነሳውም።