ሮቢት ላይ የወጣለት ስም

የእህቴን ልጅ ከእናቱ ተደብቀን ያስጠመቅነው እኔና እናቴ ነን። ይህን ስጽፍ እንኳ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። አሁን ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ጴንጤ የሆነችው ገና ሳታገባ ነው። እናቴ ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገሩን ማንሳት ተወች። እኛ ቤት ሰላም የሚባለው ይኸው አለማንሳት ነበር። እህቴ ረቡዕና ዓርብ ከመጣች ያቀረብንላትን ሽሮ ትበላለች፤ እኛ እሷ ቤት ስንሄድ ደግሞ እናቴ የቅዱሳንን ስም ጮክ ብላ አትጠራም። በጦርነቱ ጊዜ ተኩሱ ሲበረታ ሦስታችንም ግድግዳ ሥር ተጋድመን አንዷ "በስመ አብ" ስትል ሌላዋ "በኢየሱስ ስም" ትል ነበር። ማንም ማንንም አላረመም። ተኩሱ ሲያባራ ግን እንደገና ዝም ተባባልን።

ልጁ ሲወለድ ዝምታው አልበቃም። እህቴ ዘንድ ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ አምኖ፣ በራሱ አፍ ጠይቆ ነው። እናቴ ዘንድ ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ ነው። አርባው ቀን አለፈ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት ቢላዋውን ታቆማለች።

"እንዲሁ እንዳለ ቢሞትስ?"

"አይሞትም፣ እማ።"

"ምነው፣ ሐኪም ሆንክ ደግሞ?"

በሦስተኛ ወሩ እህቴ ንግዷን ቀጠለች። ከገበሬ ማሳ ሽንኩርት ትገዛና ጎብዬ ገበያ ታራግፋለች። አንድ ቀን ማልዳ ልጁን ለእናቴ ሰጥታ፣ ወተቱን በጡጦ ትታ ወጣች። የጾም ወቅት ነበርና ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። እናቴ ቀትር እስኪደርስ አልተቀመጠችም። የምንኖርበት ቆቦ ውስጥ የሚያውቀን ብዙ ስለሆነ ሮቢት እንሂድ አለች። ሮቢት ደግሞ እህቴ ከጎብዬ ስትመለስ የምታልፍበት መንገድ ላይ ናት። ሚኒባስ ውስጥ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሁሉ በመስኮት እያየሁ አንገቴን ስቀብር፣ ረዳቱ "ወንድም፣ ትራፊክ የሚፈራው ሹፌሩ ነው፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?" ብሎ አሳቀብኝ።

ሮቢት ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ "እናቱስ?" አሉ።

"ታማለች፣ አባ" አለች እናቴ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

የክርስትና አባት የሆነው ሊያስቀድስ የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። እዚያው ለመንነው፤ ሳያቅማማ እሺ አለ። ልጁ ውሃው ሲነካው ጩኸቱን ለቀቀው። እኔ ከአስፋልቱ በኩል የሚመጣ የሞተር ድምፅ እያዳመጥኩ ነበር። ስም ወጣለት፤ ሜሮን ተቀባ፤ አንገቱ ላይ ክር ታሰረለት። ቤት ስንደርስ እናቴ ክሩን ፈታች። ቋጠሮው ቶሎ አልፈታ አላት። እህቴ አመሻሽ ላይ መጥታ ልጇን አቀፈችና አናቱን አሸተተች።

"ምን ቀባችሁት?"

"ቅባት ነው። ሙቀቱ ቆዳውን አድርቆት" አልኳት እኔ።

አመነችኝ። እሷ እኔን አለማመን አታውቅበትም።

ከዚያ በኋላ እህቴ ስልክ በደወለች ቁጥር ስልኩን ለእናቴ አቀብላለሁ። ግጥም ልጽፍ እቀመጣለሁ፤ ሁለት መስመር ሳልጨርስ ተነስቼ አስፋልት ለአስፋልት እዞራለሁ። ምሥጢሩን ከእናቴ ጋር እንኳ አናወራውም። ማንሳት የማንችለው ነገር አንድ ተጨመረ ማለት ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያሸት የወባው ጊዜ መጣ። ልጁን አንድ ጠዋት አተኮሰው፤ እኩለ ቀን ላይ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። የእህቴ ባል ሹፌር ነው፤ ያን ሳምንት ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። በባጃጅ ይዘነው ሆስፒታል ሮጥን። ደሙ ታየ፤ ወባ ነው ተባለ። ግሉኮስ የተተከለበት ክንዱ ከጣቴ ብዙም አይወፍርም። ከጎናችን የተኛ ልጅ ያላት የጎብዬ ሙስሊም ሴት "አይዞሽ፣ አላህ ያሽርልሽ" እያለች እህቴን ታጽናናለች።

ከሰዓት የእህቴ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ መጣ። ወጣት ነው። የልጁን ግንባር ይዞ መጸለይ ጀመረ። ገና ሳይጨርስ የእናቴ የነፍስ አባት መስቀልና የጠበል ጠርሙስ ይዘው ከበሩ ላይ ቆሙ። እናቴ ነበረች ያስጠራቻቸው። አልጋው በአንድ ጎኑ ከግድግዳ ጋር ተጠግቷል፤ በሌላው በኩል ከአንድ ሰው በላይ አያስቆምም። ሁለቱ ተያዩ። እናቴ ተነስታ መስቀል ተሳለመች። እህቴ አልተነሳችም።

የጎብዬዋ ሴት አንዴ ቄሱን አንዴ ወንጌላዊውን አየች። "ሁለታችሁም ክርስቲያን አይደላችሁም እንዴ? እኔ እኮ አንድ ናችሁ ብዬ ነበር!"



ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ። "ሕፃኑ ማን ይባላል?"

እህቴ ስሙን ነገረቻቸው።

"የክርስትና ስሙን ነው ያልኩት፣ ልጄ። የሚጸለየው በእሱ ነው።"

"የለውም፣ አባ" አለች፤ ድምጿ ለስላሳ ነበር። "እኛ ጋ ሲያድግ ነው የሚጠመቀው።"

እናቴ አየችኝ። ያን አስተያየት መቼም አልረሳውም። ካልተናገርን ልጁ ያለ ስሙ ሊጸለይለት ነው፤ ለእሷ ይህ በሽተኛን በር ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ነው። ከተናገርን እህቴ ልጇን ይዛ ትሄዳለች፤ ዳግም ደጃችንን አትረግጥም። የሚያድነው ግሉኮሱ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ልጁ ቃተተ፤ ማሳመኔ ሁሉ ጠፋብኝ።

ስሙን ተናገርኩ።

እህቴ መጀመሪያ የሌላ ሰው ስም የጠራሁ መስሏት ነበር። ከዚያ ፊቴን አየች። ቀጥላ የእናቷን አየች።

"መቼ?" አለች።

"ጎብዬ የሄድሽ ቀን። ሮቢት።"

የገረመኝ የቄሱ ነገር ነው። መጽሐፉን ጣታቸው ላይ አጥፈው ወደ እናቴ ዞሩ። "እናቱ ሳታውቅ? ሮቢት ላሉት አባት ምን ብለሽ ነው?"

እናቴ አንገቷን ደፋች። "ታማለች አልኩ።"

"ይሄስ ደግ አልሠራሽም።"

ወንጌላዊው ወደ እህቴ ጠጋ አለ። "እህቴ፣ ካልሽ ሁለታችንም እንወጣለን። ካልሽ ደግሞ እሳቸው ይጸልዩ፤ የምትወስኚው አንቺ ነሽ" አላት። እህቴ ልጇን እንጂ ማንንም አላየችም። ቆይታ "ይጸልዩ" አለች። ቃሉ ከእልህም ከእምነትም የወጣ አልነበረም። ፈርታ ነው።

ወንጌላዊው ከአልጋው ጎን ለቀቀና ወደ ግርጌው ዞረ። ቄሱ ሲያነቡ ልጁ መወራጨት ጀመረ፤ መርፌው ሊነቀል ሆነ። ያኔ ወንጌላዊው ጎንበስ ብሎ ግሉኮስ የተተከለበትን ክንድ በሁለት እጁ ያዘ። እሳቸው አንብበው፣ ጠበሉን ረጭተው እስኪጨርሱ አለቀቀም። የሸሚዙ እጀታ ላይ ጠበል ነጥቦበት ነበር። አንድ ላይ ጸለዩ ማለት አልችልም፤ አልጸለዩም። ልጁን ግን አብረው ያዙት።

ትኩሳቱ በማግስቱ ወረደ። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ጠራችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?"

"ትንሽ።"

"አለቀሰ?"

"በጣም።"

"ማን አባበለው?"

"እማ።"

"መጠመቁን እችለው ነበር" አለች በመጨረሻ። "ሲያለቅስ እኔ ሽንኩርት እመዝን ነበር። እሱን ነው የማልችለው። ደግሞ ቅባት ነው አልከኝ።"

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ልጁ ድኖ በእግሩ ይሄዳል። አዲስ ፍርሃት ግን ገብቶብናል፤ አድጎ በእናቱ ቤተ ክርስቲያን ልጠመቅ ቢልስ? እናቴ ሁለተኛ ጥምቀት ማለት የመጀመሪያውን መካድ ነው ትላለች። እህቴ የመጀመሪያው ጥምቀት አይባልም ትላለች። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ "አንዲት ጥምቀት" የሚለውን ያነባሉ፤ አንዲቷ የትኛዋ እንደሆነች ነው የማይስማሙት። አሁን ቢያንስ ፊት ለፊት ይጨቃጨቃሉ። እኔ ጭቅጭቁ ሲጀመር ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

ባለፈው እሑድ እህቴ ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን እኛ ጋ ትታ ወጣች። "ቲማቲም ገዝቼ መጣሁ፤ አሥር ደቂቃ" አለች። ከግቢው በር ላይ ዞር ብላ አየችን፤ ጥቂት ሄዳ እንደገና አየችን። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች፤ አልተነቃነቀችም። ልጁ ወደ እኔ መጥቶ "አንሳኝ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

አላነሳሁትም፤ እናቱ ዞራ ብታይ ይዤው የምሄድ እንዳይመስላት። ጎኑ ተቀምጬ፣ ሁለታችንም በሩን እያየን እናቱን ጠበቅናት።