ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ጀመረ?

ትናንት ከሰዓት ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ውስጥ ማይክ ይዤ የዓለም ጦርነት ላስነሳ ነበር...

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የጥያቄና መልስ ውድድር እመራለሁ። ትናንት ሦስት ጠረጴዛዎች እኩል ነጥብ ይዘው የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሱ። ሽልማቱ አንድ ትልቅ ኬክ ነው።

«ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ጀመረ?» አልኩ። በጣም ቀላል ጥያቄ መስሎኝ እኮ ነው!

ባንክ የሚሠሩት ወጣቶች 1939 ብለው ጻፉ። ከልጃቸው ጋር የመጡት እትዬ ዘነበች 1928 አሉ። ኢምፔሪያል አካባቢ የሚኖረው ቻይናዊው መሐንዲስ ሚስተር ሊ ደግሞ 1937።

እኔ የያዝኩት መልስ 1939 ነው። «እትዬ፣ በእኛ አቆጣጠርም ቢሆን እኮ 1931 ነው የሚሆነው» አልኳቸው ፈገግ ብዬ።

«ልጄ፣ መቀነስ አላቃተኝም» አሉ። «ጣልያን የገባው በ28 ነው። አባቴ ዘምተው መርዝ ተረጭቶባቸው ተመለሱ። እስኪሞቱ ድረስ ሸሚዝ ትከሻቸውን ሲነካው ያማቸው ነበር። ታዲያ ያ ጦርነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?»

ማይኩን ከአፌ አወረድኩ።

ሚስተር ሊ ብድግ አለ። ሥራ ቦታ በለመዳት አማርኛ «በ37 ጃፓን ሲመጣ አያቴ በእግሯ ሸሸች። ትንሽ ወንድሟ መንገድ ላይ ጠፋ። አልተገኘም» አለ።

ከባንክ ልጆቹ አንዷ ግራ ገባት። «1939 የማን ነው ታዲያ?»

«የአውሮፓ» አልኩ። አፌ ላይ እያለ ነው ለራሴም የገባኝ... ለካ ዓለም፣ ዓለም ስል የኖርኩት ስለ አንድ ሰፈር ነው!

እትዬ ዘነበች ግን እኛን ትተው ወደ ሊ ዞረዋል። «የጠፋው ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አሉት። ነገራቸው። ስሙን አፋቸው አልይዝ ሲላቸው ደግመው ጠየቁት፤ በትክክል እስኪጠሩት ድረስ አልለቀቁትም። ሊ ወንበሩን ይዞ እሳቸው ጠረጴዛ ሄደ።

የባንክ ልጆቹ ተንሾካሾኩና «በቃ፣ ለሦስት ይቆረጥ» አሉ። እትዬ ዘነበች ሰሃናቸውን ቀድመው ዘረጉ።

«ጦርነቱ መጀመሪያ እኛ ቤት ነው የገባው፤ ኬኩም መጀመሪያ እኛ ጋ ይምጣ!»

እኔ ከእንግዲህ ስለ እግር ኳስ ብቻ ነው የምጠይቀው... እሱም ሰላም ከሰጠኝ።