የአሻንጉሊቷ ሁለተኛ ልጅ

ተማሪዎቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «ሬት» ይሏታል። እሷም ታውቃለች። ድሮ፣ ገና ወጣት አዋላጅ ሳለች፣ ሳቋ ከማዋለጃው ክፍል አልፎ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር፤ ምጥ የጠናባቸው እናቶች «ያቺን ሳቂታ ጥሩልኝ» ይሉ ነበር አሉ። ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ያንን ሳቅ የት እንደጣለችው እንጃ። በፈተና ቀንማ ፊቷ ጭራሽ እንደ ክረምት ሰማይ ይጠቁራል።

የታናሽ እህቷ ልጅ ለመጨረሻው የተግባር ምዘና ደረሰች። ያለፈች ትመረቃለች፤ የወደቀች ግን ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ሲወጡ እያየች ድጋሚ ፈተና ትጠብቃለች። ሬት ለክፍል ኃላፊው «የሥጋ ዘመዴን አልፈትንም» ብላ ነበር።

«ታዲያ ሌላ ፈታኝ ከየት ልውለድልዎ?» አላት።

ልጅቷ ስትገባ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ተባባሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አላደረጉም።

በጠባቧ ክፍል አልጋ ላይ፣ ራስ የሌላት፣ ሆድና ዳሌ ብቻ የሆነች የጎማ እናት ተዘርግታለች። ልጅቷ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ጎማዋን «አይዞሽ እናቴ» አለቻት። የጨርቁን ሕፃን ተቀበለች፣ አደራረቀች፣ ሆዷ ላይ አስተኛችላት። ወዲያው ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ አንስታ ጭኗን ወጋች።

«አቁሚ» አለች ሬት። «ሆዷን ዳበስሽ?»

«ለምን?»

«ሁለተኛ ልጅ ቢኖርስ?»

ልጅቷ ሳቀች። «አክስቴ፣ ጎማ እኮ ናት! ከአንድ በላይ አትይዝም። ልጁንስ አንቺው ራስሽ አይደለሽ እንዴ የከተትሽው?»

«እዚህ አክስት የለም። አሻንጉሊቷን ስታውቂ እናቲቱን ረሳሽ። መንታው ሳይወጣ ይህን መርፌ ብትወጊ፣ ማህፀኑ ልጁን እንዳፈነ ይቀራል። በቃ፣ ውጪ።»

«ሌላው ሁሉ ልክ ነበር እኮ!»

«ሌላው ልክ ነበር። ወድቀሻል።»

በነጋታው የሬት እህት የቢሮዋን በር ሳታንኳኳ ገባች። መቀመጫ ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም።

«እትዬ እያልኩ አከበርኩሽ፤ ከእንግዲህ እህት የለኝም። ለአንዲት ቁራጭ ጎማ ብለሽ ልጄን ከሰው በታች አደረግሻት!»

«ለጎማዋ ብዬ አይደለም...»

«ዝም በይ! ያ ሆድሽ ልጅ ቋጥሮ ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አትጨክኚም ነበር።»

ቃሉ የት እንደሚያርፍ እህትየው ታውቃለች፤ አውቃም ነው የወረወረችው። ሬት ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና እስክትወጣ ድረስ መዝጊያውን ይዛ ቆመች።

የድጋሚው ፈተና ቀን ደረሰ፤ ክፍል ኃላፊው አሁንም ሌላ ፈታኝ አልወለደም። ልጅቷ ሰላም ሳትል ገባች። ሁሉንም እንደ ቀድሞው ሠራች። መርፌው ጋ ስትደርስ ግን መዳፏን በጎማው ሆድ ላይ አሳረፈችና ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለች ዳበሰች፤ ዓይኗን ከአክስቷ ላይ ሳትነቅል።

«ሁለተኛ ልጅ የለም፣ መምህር» አለች፤ «መምህር» የምትለዋን እንደ መራራ ነገር ተፋቻት።

«ቀጥዪ» አለች ሬት።

አለፈች። ዛሬ እዚያው፣ የአክስቷ ሳቅ ይሰማበት በነበረው ማዋለጃ ክፍል ትሠራለች። መርፌውን ከማንሳቷ በፊት እጇ ሳታዘው ሄዶ የወላዷ ሆድ ላይ ያርፋል ይላሉ። ከአክስቷ ጋር ግን በኮሪደሩ ሲተላለፉ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።