የባለቤቴ ከራማና አዲሱ ስዊች

ዲኑ በስብሰባ ላይ «ለግቢያችን አዲስ ስዊች ሊገባልን ነው» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ሽማግሌ ያስታውቃል። በልቤ ግን «አለቀልን» እያልኩ ነበር።

ያኔ የምሠራው መካነ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ ማሰልጠኛ ኮሌጅ፣ ሒሳብ ክፍል ነው። ስዊች የሚሉት የግቢውን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘውን፣ ገመድ በየቀዳዳው የሚሰካበትን የብረት ሳጥን ነው። የእኛው አሮጌ ከቢሮዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀምጦ፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ የፕላስቲክ ሳፋ ተደፍቶበት፣ አረንጓዴ ዓይኖቹን እያርገበገበ ይኖር ነበር። ቀርፋፋነቱ አይነገርም። አንድ ፋይል ከሬጅስትራር እስኪደርስ በእግሬ ሄጄ ባመጣው እቀድመዋለሁ፤ አረማመዴን የሚያውቅ ሰው ይህ ለስዊቹ ምን ያህል ስድብ እንደሆነ ይረዳል።

በደኅንነቱም በኩል ቢሆን የሚታመን አልነበረም። የግቢው ኮምፒውተር ሁሉ መጋረጃ የሌለው አንድ ክፍል ቤት ማለት ነው፤ ተማሪውም ዲኑም እኔም እዚያው ነን። ለእኔ የተመቸኝም ይኸው ነበር።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ ከሣሩ ማዶ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አለ። እዚያ መጽሐፍ የምታውሰው ባለቤቴ ናት። ጆሮዋ የደከመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የንጋቱን የሱብሒ አዛን አጣችው፤ ቀጥሎ የእኔን ማንኮራፋት። በመጀመሪያው አለቀሰች፣ ለሁለተኛው አልሐምዱሊላህ አለች። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ጊዜው ያ ቢፒአር የሚሉት መጥቶ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በድልድል የሚታመስበት ነበር፤ ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚመደብ አይታወቅም። «ካወቁብኝ ከጠረጴዛዬ አንስተው ጓሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ይከቱኛል» ትላለች። ያንን ጠረጴዛ ትወደዋለች። ከከላላ ወይ ከወግዲ የመጣ ልጅ ፊቷ ቆሞ «እትዬ፣ ይሄን የሚያስረዳ መጽሐፍ አለ?» ሲላት ዕድሜዋ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናም አንድ የኮምፒውተር መምህር ለጨዋታ ያሳየኝን ነገር ለቁም ነገር አዋልኩት። ኮምፒውተርህ ላይ በምትከፍተው ጥቁር ሳጥን ውስጥ የሰውየውን ኮምፒውተር ስም ትጽፋለህ፤ ከኋላው ቃልህን ታስከትላለህ፤ በሰውየው ስክሪን መሐል ግራጫ ሳጥን ብቅ ይላል። የእኛን ፊደል ስለማይቀበል አማርኛዬን በፈረንጅ ፊደል ነበር የምጽፈው። በመስኮት አያለሁ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሄደውን እለያለሁ፣ እልካለሁ፤ «ረጅሙ የኤሌክትሪክ ተማሪ፣ የወሰደውን ይዟል።» ባለቤቴ ታነባለች፤ ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ቀና ትልና «አመጣኸው? በል አስቀምጠው» ትለዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ባለቤቴ ወልይ ሆና አረፈችው። «እትዬ ከራማ አላቸው፤ ሳትናገር ያውቁሃል» ተባለ። ፈተና ሲደርስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለመጽሐፍ ሳይሆን ለዱዓ ይሰለፍ ጀመር። «አላህ ይግለጥላችሁ» ትላቸዋለች፤ «አሚን» ብለው ይወጣሉ። ከራማው ያለው ግን ሳፋው ሥር ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ እሷ «ራሴን አመመኝ» ብላ በሩን ትዘጋለች።

«ኧረ ይሄ ነገር አያስጠይቀንም?» ብላት፣

«ሳጥኑ ያንተ ነው፣ ዱዓው ግን የራሴ ነው» አለችኝ።

አንድ ቀን ታዲያ በምሳ ሰዓት በኮምፒውተሯ ስም ፈንታ የኮከብ ምልክት ነካሁ። ኮከብ ማለት «ለሁሉም» ማለት እንደሆነ የገባኝ ከላክሁ በኋላ ነው። «ጎመኑን ጨርሺ፣ የኔ ማር» የሚል ሳጥን በግቢው ስክሪን ሁሉ ላይ ተደቀነ። ዲኑ ቢሮዬ ድረስ መጥተው በሩን ደገፍ አሉና፣

«ጨርሻለሁ፣ ጋሼ» አሉኝ።

አዲሱ ስዊች የተጠየቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ምክንያቱ ፍጥነትና ደኅንነት ነው ተባለ፤ ጎመን በስም አልተጠቀሰም።

ስዊቹን የምትተክለው መሐንዲስ ከደሴ መጣች፤ ሰላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቦቲ ጫማ ያጠለቀች ቆፍጣና ሴት። ከየሕንፃው አሮጌውን እያነሣች አዲሱን በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ታስራለች። መሰላሏን ያዝኩላት። ደግ ሽማግሌ መሰልኳት፤ እኔ ግን ልለምን ነው የቆምኩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሒሳብ ክፍል ከማን ጋር ነው የሚገናኘው?»

«ከራሱ ጋር፣ አባባ። ሁሉንም ለየብቻው ነው የማደርገው። ሒሳብ ለብቻ፣ ተማሪ ለብቻ፣ ቤተ መጻሕፍት ለብቻ።»

«ሒሳብና ቤተ መጻሕፍት እንኳ ዘመዳሞች ናቸው፤ ባይለያዩ።»

«በምን ይዛመዳሉ?»

«በ… በወረቀት።»

ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አየችኝ። «ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ የእርስዎን የደመወዝ ፋይል ቢከፍትስ?»

እውነቷን ነው። የባለቤቴ ነገር ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ግን ምስጢሩ የእኔ አይደለም፤ መልሼ ዋጥኩት።

ቤት ስገባ ከንፈሬን እንድታይ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ ነገርኳት።

«እንግዲያ ከራማዬን በመሰላል አወረዱት በለኛ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ። «ድልድሉ ሳያልቅ ነው?»

«ሳያልቅ ነው።»

ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና «አንተም ብዙ ደከምህ» አለችኝ። ተቀምጦ በመስኮት ሰው ከማየት የበለጠ ድካም እንደሌለ ያን ቀን ተረዳሁ።

አዲሱ የተከፈተ ዕለት ከሬጅስትራር የጠየቅነው ፋይል ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ደረሰ። ቢሮው ሁሉ ተደነቀ። እኔ መስኮት ላይ ነኝ። ዲኑ የድልድሉን ሥራ ሊያዩ ከዞን የመጡ ሁለት እንግዶችን አስከትለው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲያቀኑ አየሁ። ተስፋ አይቆረጥምና «ዲኑ ከእንግዳ ጋር» ብዬ ላክሁ። አልሄደም። ደገምኩ። እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም አለኝ፤ ስንት ጊዜ ስሟን የጻፍኩለት ኮምፒውተር!

ተነሥቼ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ጭቃ ሆኗል፤ መሐል ስደርስ አንድ ጫማዬ አልከተልም አለኝ፤ ትቼው ሄድኩ። እበሩ ላይ ስደርስ እንግዶቹ ገብተዋል። መሐንዲሷ ጥግ ላይ፣ መሰላሏ ላይ ሆና ገመድ እያሰረች ነው። ዲኑ ከባለቤቴ ጎን ቆመው ይናገራሉ፤ እሷ ባዶውን ስክሪን ታያለች።

ቀና ስትል እኔን አየችኝ፤ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እግሬ ጭቃ የጠጣ ካልሲ፣ አፌን ከፍቼ ሳለከልክ። ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ወደ ዲኑ ዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። ፊት ለፊቴ ቆመው ቀስ ብለው ቢናገሩ ይገባኛል።»

አንደኛው እንግዳ ጓደኛውን አየ። ዲኑ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ካልሲዬን አዩ። ጠረጴዛውን ዞረው ከፊቷ ቆሙ፤ ጎንበስ ብለውም ቃሉን እየለዩ፣

«እትዬ፣ ጎመኑን… ጨረሱት?» አሏት።

ባለቤቴ እንደዚያ ስትስቅ ከሠርጋችን ወዲህ አላየኋትም። እንግዶቹ ጎመን የመመዘኛው አንድ ክፍል ይሁን አይሁን ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ዲኑ ወደነሱ ዞረው «በድልድላችሁ ይቺን ጠረጴዛ ዝለሏት፤ ሰው አላት» አሉ።

መሐንዲሷ ወረደች። «አባባ፣ ዝምድናው ይሄ ነበር? ቢነግሩኝ እኮ ዲኑን አስፈቅጄ ለእርስዎ ብቻ አንዲት ቀዳዳ እተውልዎ ነበር።»

ባለቤቴ ከንፈሯን አንብባለች። «ተይው፣ ልጄ፤ በእግሩ ይምጣ። ወፍሯል።»

ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ቆሞ ቀስ ብሎ መናገር ባንድ ሳምንት ለመዱ። የዱዓው ሰልፍም አላጠረም። እኔም እስከ ጡረታዬ ድረስ ሣሩን እያቋረጥኩ ተመላለስኩ፤ ፍጥነቴ እንደ አሮጌው ስዊች ነው። ብዙ ጊዜ እስክደርስ ልነግራት የመጣሁት ይጠፋኛል፤ ከፊቷ ቆሜ ዝም ብዬ አያታለሁ። እሷም ከመጽሐፉ ቀና ትልና፣

«ገባኝ፤ ጫማህን ጥረግ» ትለኛለች።