የብርብራው ዱቄት ባለቤት

አባቴ የዓሣ ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ ቀን ሰፈራችን በሳቅ ሊፈነዳ ነበር። «ሥጋ ለጅብ አደራ!» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ከአምቦ እስከ ጉደር ባሉት ወንዞች እንደ እሱ ዓሣ የፈጀ ሰው አልነበረም።

መንጠቆም መረብም አያውቅም። የሚያውቀው ብርብራ ነው። የብርብራን ፍሬ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ ዱቄቱን ወንዝ ውስጥ ይበትነዋል። ውሃው አረፋ ይደፍቃል፤ ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ከዚያ በቅርጫት መልቀም ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየደጀ ሰላሙ ቢኖርም በእኛ ሰፈር ካለቀ ቆይቶ ነበር፤ ሁዳዴ ሲገባ በየቤቱ ብርብራ ይወቀጣል። አንድ የማይጣስ ደንብ ነበር። ዱቄቱን ያመጣው ሰው መጀመሪያ ሳይመርጥ ማንም እጁን አይዘረጋም። በልጅነቴ ሰው ሁሉ ቆሞ አባቴን ሲጠብቅ እያየሁ እኮራ ነበር።

መምህርት ሆኜ አንደኛ ደረጃ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ወንዛችን ባዶ ሆነ። ዓሣው አለቀ፤ ዓሣውን ተከትለው ወፎቹም ሄዱ። በዚያ ሰሞን መንግሥት የጠፉትን ዓሦችና የውሃ ወፎች ወደ ቦታቸው ለመመለስ ድጎማ መደበ ተባለና ለእኛም ደረሰን። ከከተማው በታች ወንዛችን ሁሉቃ ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ኩሬ ተመረጠ። በድጎማው ውሃውን የሚይዝ የድንጋይ ክትር ተሠራ፣ ዳርቻው ከከብት ታጠረ፣ ደንገል ተተከለ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩት ከዝዋይ በበርሜል ተጭኖ መጣ። ሥራውን የሚመራው ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ባለሙያ ደግሞ የዓሣ ፈጂዎቹን ዘዴ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ አባቴን መረጠ። ካኪ ካፖርትና ፊሽካ ሰጠው።

አባቴ በስተርጅና ሌላ ሰው ሆነ። ክትሩ አጠገብ ደሳሳ ጎጆ ቀልሶ ውሎው እዚያ ሆነ። ዝይዎች ተመልሰው ደንገሉ ውስጥ ጫጩት ሲፈለፍሉ ዘመድ እንደ ወለደለት ሰው ለሁሉም አወራ። አንድ ቀን ምሳ ሳቀብለው፣ «ስሞት ‹ያ ዓሣ ፈጂ ሞተ› እንዲሉ አልፈልግም» አለኝ። እየሳቀ ነበር የተናገረው።

በዓመቱ ባለሙያው መጥቶ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ ከሚኒስቴር እንግዶች እንደሚመጡ ነገረን። «ኩሬውን ሕያው ሆኖ ካገኙት ድጎማው ይቀጥላል፣ እርስዎም ቋሚ ሠራተኛ ይሆናሉ» አለው አባቴን። «ካላገኙት አጥሩ ይነሣል፣ ሁሉም እንደነበረው ይሆናል።»

አባቴ የሚፈራውን ያውቃል፤ ሁዳዴ ነው፣ በየቤቱ ብርብራ ተወቅጧል። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞረ። በአማርኛም በኦሮምኛም ለመነ፣ ቀለደ፣ ተቆጣ። ድጎማው ከቀጠለ ዓሣው ሲበዛ በመንጠቆ ማጥመድ እንደሚፈቀድ ነገራቸው። ሰዎቹ ከወንዙ ይልቅ እሱን አክብረው እሺ አሉ። «ኦቦ፣ ለእርስዎ ብለን ነው» እያሉ ዱቄታቸውን ሰጡት። በኬሻ እየተሸከመ ከክትሩ አጠገብ ካለችው ጎጆው አከማቸው።

ለምን እንደማያቃጥለው ጠየቅኩት።

«እንግዶቹ ይዩት እንጂ!» አለ። «ኩሬ ውስጥ ያለን ዓሣ ማን ይቆጥረዋል? ይህን ሲያዩ ግን ምን እንደሠራሁ ይገባቸዋል። ካዩት በኋላ አቃጥለዋለሁ።»

ለነገሩ ትክክል መስሎኝ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎጆዋን ማየት አስጠላኝ። ከሩቅ የሚያስነጥስ መራራ ሽታ ነበራት። ኬሻው በየቀኑ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ አባቴ ራሱ የሚቀመጥበት ጠፍቶ በሩ ላይ ድንጋይ አስቀመጠ። ከፊቱ ውሃው፣ ከጀርባው ዱቄቱ። ምሳውን ባደረስኩ ቁጥር በሁለት ባላንጣዎች መሀል የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ጎጆዋ ሥር፣ በጣሪያው ሾልኮ ኬሻዎቹ ላይ የተንጠባጠበው ውሃ ወደ ኩሬው የወረደበት ቀጭን መስመር ነጭ አረፋ ይዟል። በመስመሩ መጨረሻ ሁለት እንቁራሪቶች ተገልብጠው ሞተዋል። አባቴን ጎትቼ አሳየሁት። በጣቱ ነካ አድርጎ አያቸው። ከዚያ ኬሻዎቹን ከመሬት ከፍ አድርጎ ድንጋይ ላይ ደረደራቸው፤ ጣሪያውንም በሣር ደፈነ።

«አባባ፣ ዛሬውኑ አቃጥለው» አልኩት።

«ሰኞ ይመጣሉ። ሦስት ቀን ምን ይሆናል?»

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አምቦ ላይ ፀሐይ ነበር። ሰማዩ የጠቆረው በስተደቡብ፣ ወንዙ በሚመጣበት በወንጪ ተራራ በኩል ነው። እንግዶቹ ዘግይተዋል። አባቴ ካፖርቱን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ አጥሩ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። እኔ ወንዙን እያየሁ ነበር። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መጣ። ዝይዎቹ ድንገት በአንድ ላይ ተነሥተው ሄዱ። ያኔ ነው የጮህኩት።

ደራሹ ውሃ ሲመጣ እኛ ዘንድ አንድ ጠብታ አልወረደም። አባቴ ሮጦ ጎጆው ደርሶ አንድ ኬሻ ሲያወጣ እኔ በካፖርቱ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ጎጆዋ ከነኬሻዎቹ ተንሸራታ ኩሬው ውስጥ ገባች። ጎርፉ ብዙም ሳይቆይ ጎደለ። ዱቄቱ ግን አልሄደም፤ ውሃውን እንዲይዝ በድጎማው የተሠራው ክትር ያዘው። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር አረፋ ደፈቀ። ዓሦቹ አንድ በአንድ፣ ቀጥሎም በደቦ ወደ ላይ መጡ። ያን ያህል ዓሣ መኖሩን ያወቅነው ያኔ ነው።

የሰፈሩ ሰው ወሬውን ሰምቶ በቅርጫት መጣ። ማንም አላላገጠም፤ ይህን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከውሃው እያወጡ ዳር ላይ ከመሩት። ከዚያ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

እንግዶቹ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ባለሙያው ክምሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አንደኛው እንግዳ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ።

መልስ የሰጠችው ጎረቤታችን አሮጊት ናት። ከማንም በፊት ዱቄቷን ያስረከበች እሷ ነበረች። በአማርኛዋ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት አባቴን በእጇ እያሳየች፣ «የዱቄቱን ባለቤት ነው የምንጠብቅ» አለች። «እሱ ሳይመርጥ አይነካም።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። አባቴ ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፤ ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ካልነካ ያ ሁሉ ዓሣ እዚያው ሊበሰብስ ነው፣ የድሃውም ጾም ያለ ዓሣ ሊያልፍ ነው። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ክምሩ አጠገብ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ከሁሉ ያነሰችውን፣ የጣት ያህል የምትሆን ጫጩት አነሣ። ካፖርቱ ኪስ ከተታትና ወደ ቤት ሄደ።

ከኋላው ቅርጫቶቹ ሲነሡ ተሰማኝ።